የስፌቱ ልክ

ክሩን ስበህ ያዘው፣ ሰሙን አታብዛበት።
ሳጥኔ ውስጥ ያለው፣ ቀዩ፣ የጠየቅክበት፣
ሮማን አይደለም፣ ኳስ ነው፣ ቆዳ የለበሰ፤
ሠራተኛ ሰፈር፣ ገና ሳይፈርስ፣ በእጄ የታደሰ።

ሚስተር ኦስሞንድ ይባላል፣ ከሩቅ ደሴት የመጣ ሰው፤
ካዛንቺስ፣ ፎቅ ላይ፣ ቁጥር ደምሮ ነው የሚኖረው።
የስንቱን አገር ሕዝብ፣ የስንቱን አገር እህል
ሲደምር ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ጃንሜዳ ይላል፤
ከህንድ አስተማሪዎች ጋር፣ ነጭ በነጭ ለብሶ።

"ገና ጨዋታ ነው?" አልኩት፣ ዱላቸውን አይቼ።
ሳቀ። "ዱላው የሌላ ሰው ነው። እኔ ወርዋሪ ነኝ።"
አማርኛው እንደ እርምጃው ነበር፣ አጭር አጭር፣ የተቆጠረ።

"ፈጣን ነበርክ ወይ?" ስለው፣ መዳፉን አጋድሞ
እንደ ሚዛን ወዘወዘው፣ ወዲያና ወዲህ ደግሞ፤
"ከፈጣኑ በታች፣ ከዘገምተኛው በላይ፤
ሰው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ያው እኔኑ የሚያይ።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ደሴቲቱ ጠራችኝ፤
ሜዳው ሁለት ጫፍ አለው፣ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ።
ጥሩውን አይደለም።
ጥሩው ጫፍ የፈጣኑ ነው፣ የባሕር ነፋስ ከጀርባው የሚገፋው፤
የእኔው ፊት ለፊት ነው፣ ጨውና አሸዋ ዐይን የሚያጠፋው።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነፋስ ላይ ሮጥኩኝ፤
ሌላው ስም ሲያወጣ፣ ጫፌን ጠበቅኩኝ።
አንዴ፣ የደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ቡድን ጠራኝ፤
እናቴ ለሰፈሩ አወራች፣ አጎቴ ኮት ገዛልኝ።
አምስት ቀን ሙሉ ውሃ አመላለስኩ።
ከዚያ ጉልበቴ ዛገ። ከዚያ ቁጥር ተማርኩ።"

"እዚህ ደግሞ" አለ፣ ወደ እንጦጦ እያየ፣
"አየራችሁ ስስ ነው፤ ኳሴ ከመንገዱ አልተለየ።
የፊዚክስ አስተማሪው ሦስቴ ሰማይ ሰደደኝ፤
ሦስተኛዋን ከፈረስ ጋጣ ነው ያወጣነው።"

ስፌቱ ተበጥሶ ነበር። "ስፋልኝ" አለ፣ ይኸው ነው።
እኔ ግን ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ ሳያዘኝ፣ ሆን ብዬ፣
በወስፌ ከፍ አደረግኩት፣ ክር በክር ላይ ጥዬ፤
መሬት ሲነካ እንዲነክስ።

ማክሰኞ መጣ። በዐይኑ አላየውም። አውራ ጣቱን
አንዴ ብቻ አሳለፈበት። መለሰልኝ ኳሱን።
"ፍታው።"
"ማን ያያል?" አልኩት።
"እጄ አይቶታል።"

የሁለት ቀን ሥራ! እየረገምኩት ፈታሁ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፤
እንደገና ሰፋሁ፣ ልኩን።
ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ፣ ሄጄ አጥሩ ሥር ቆምኩ።
ነፋሱ ከእንጦጦ ይወርዳል፤ እሱ ወደ ነፋሱ።
አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቆጠርኩ።
ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ደግሞ።
ልጆች ሰልችቷቸው ሄዱ፤ አንድ ቄስ ቆም ብሎ አይቶ ሄደ፤
ፀሐይዋ ዞረች፤ አንድም እንጨት አልተናደ።

ከዚያ አንዷ፣ ከሌሎቹ በምን እንደተለየች አላውቅም፣
ስፌቴ ላይ አረፈች። አየሁት፣ አልዋሽህም፤
የአውራ ጣት ስፋት፣ ይቺን ታህል፣ መንገድ ስትለውጥ፣
የፊዚክስ አስተማሪው ዱላ አየር ብቻ ሲቆርጥ፣
ከኋላው ከሦስቱ እንጨት መሀለኛው ወደቀ።

አልጮኸም። ኳሷን ሱሪው ላይ አሸት አድርጎ
ወደ መነሻው ተመለሰ፣ እርምጃውን ቆጥሮ።
እኔ ብቻ አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አገሩ ሲገባ ተወልኝ፤ ደብዳቤም አልጻፈ።
ይኑር ይሙት አላውቅም። ስንት ክረምት አለፈ።

በል ይትባረክ፣ የሴትዮዋን ጫማ አምጣው።
ዐይንህን ተወው፣ ጨፍን። በአውራ ጣትህ ዳስሰው።
አዎ፣ እዚያ ጋ።
ከፍ ብሏል አይደል?
ፍታው።